ከደጋ የወረደችው ያማሃ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ይህ ወሬ ቡናው ሲቆላ ተጀምሮ በረካው ሲጠጣ የሚያልቅ ነውና አትቸኩሉብኝ።

የማወራችሁ ስለ አንዲት ሞተር ሳይክል ነው። ያማሃ ዲቲ 125። በአገራችን ገጠር ያደገ ሰው ያውቃታል፤ የግብርና ባለሙያው በእሷ ነበር ዳገቱን የሚወጣው። ቀጭን ናት፣ ቁመቷ ረዘም ያለ፣ የፊት ጭቃ መከላከያዋ ከጎማው ራቅ ብሎ ሽቅብ የተሰቀለ። ስትነሳ ሰማያዊ ጭስ ትለቃለች፤ ድምጿ ከመንደር ማዶ ይለያል። ባለ ሁለት ምት ናት፤ ጋራዥ ውስጥ «ቱ ስትሮክ» የምንላት ዓይነት።

ቦታው ደግሞ ቡላኦስ ነው። ጅቡቲ ከተማ ራስ ዲካ፣ ቡላኦስና ባልባላ ተብላ በሦስት ትከፈላለች። ራስ ዲካ የመሥሪያ ቤቱና የነጋዴው ሰፈር ነው፤ ባልባላ ከአምቡሊ ወንዝ ማዶ ተዘርግቷል። ቡላኦስ መሐል ላይ ነው፤ በቁጥር የሚጠሩት ካርቲዬዎች ያሉበት፣ የእንጨትና የቆርቆሮ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው የቆሙበት። አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሶማሊኛው፣ አፋርኛው፣ ዓረብኛው፣ ፈረንሳይኛውና አማርኛው እኩል ይሰማሉ። እኔ እዚያ በያጅ ነኝ። ቀን ቀን በርና የመስኮት ብረት እበይዳለሁ። በሐምሌና በነሐሴ ኸምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ አሸዋውን ይዞ ሲነሣ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ብረቱን በባዶ እጅ መንካት አይቻልም። ስለዚህ ለራሴ የምሠራው ሥራ ሁሉ የሌሊት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ልክ በዚያ ነሐሴ፣ አንድ የአገራችን ልጅ ሞተር እየገፋ መጣ። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ሞተሯ ዕድሜዋን ሙሉ ደብረ ብርሃን ኖራ በጨረታ የተሸጠች ናት። እስከ ድሬዳዋ በአይሱዙ ጭኖ አምጥቷት፣ ከዚያ በድንበሯ ከተማ በደወሌ በኩል ራሱ እየነዳ ወረደ። ጅቡቲ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ በሙሉ ነዳጅ እየበረረ ሳለ፣ ድንገት ድምጿ ቀጠነ፤ ከዚያ የኋላ ጎማው ቀጥ ብሎ ተቆለፈና ተንሸራተተ። እግዚአብሔር ጠብቆት አልወደቀም። ልጁ ማደሪያ እንኳ አልነበረውም። 15,000 ፍራንክ ሰጠሁትና ሞተሯ የእኔ ሆነች።

በዚያው ሌሊት ከፈትኳት። የሲሊንደሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ አነሣሁ፤ ሲሊንደሩን በእንጨት መዶሻ እያባበልኩ ሳብኩት። ፒስተኑ በጭስ ማውጫው፣ በማርሚታው፣ በኩል ባለው ጎኑ ከላይ እስከ ታች ተልጧል፤ ነብር የቧጨረው ነው የሚመስለው። የሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ደግሞ የቀለጠ አሉሚኒየም እንደ ሻማ እንባ ተለጥፏል። ፒስተኑ ነክሷል። ፋሻዎቹ፣ ፒስተኑን የሚከቡት ቀለበቶች፣ ከቦያቸው ውስጥ ተጣብቀው በምላጭ ካልሆነ የሚወጡ አልሆኑም።

እዚህ ላይ ላላወቀው ሰው ትንሽ ልናገር። ባለ አራት ምት ሞተር ለመሳብ፣ ለማመቅ፣ ለማቃጠልና ለማስወጣት ፒስተኑን ሁለቴ ያወጣል፣ ሁለቴ ያወርዳል። ባለ ሁለት ምቷ ይህን ሁሉ አንዴ ወጥታ አንዴ ወርዳ ትጨርሰዋለች። ቴስታታዋ ላይ ባልቮላ የላትም፤ በር ከፋቹም በር ዘጊውም ራሱ ፒስተኑ ነው። ሽቅብ ሲሄድ ከሥሩ ባለው የክራንክ ቤት አዲስ አየርና ቤንዚን ይስባል፤ ቁልቁል ሲመለስ ያንኑ ጨምቆ በጎን ባሉት መተላለፊያዎች ወደ ላይ ይሰደዋል። የክራንክ ቤቱ እንደ ባለ አራት ምቷ የዘይት ማጠራቀሚያ አይደለም፤ ሳንባዋ ነው። ዘይቷ ከቤንዚኗ ጋር አብሮ ገብቶ፣ ኩሽኔታውንና ግድግዳውን አልፎ አልፎ ነክቶ፣ ተቃጥሎ ይወጣል። ሰማያዊው ጭስ እሱ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ «ሳንባ» ያልኩትን በኋላ እንፈልገዋለን።

ፒስተን ከየት ይመጣል? ከመርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ። ለጅቡቲ ሞተር መለዋወጫ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ተገዝቶ፣ በጭነት መኪና በጋላፊ ድንበር ዞሮ፣ ባሕር ዳርቻ ይደርሳል። ሹፌሩ ከከተማው ወጣ ብሎ ፒኬ 12 በሚባለው ቦታ አስረከበኝ። ግማሽ ሚሊ ሜትር የገዘፈ ፒስተን፣ ሁለት ፋሻ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን። ቶርኖ ቤት ወሰድኩና ሲሊንደሩን በፒስተኑ ልክ አስቦረቦርኩ። ፋሻውን ሳስገባ ጫፎቹ መካከል ያለውን ክፍተት በስፔሶሜትር ለካሁ። ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያገናኘውን ቢዬላ በእጄ ጎተትኩ፣ ገፋሁ፤ አይነቃነቅም። ብልጭታውን የሚያስነሣውን የፑንቲናውን ክፍተት 0.35 ሚሊ ሜትር ላይ አቆምኩ። ብልጭታው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ በፊት፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው እንዲመታ አስተካከልኩ። ሁሉን በጥንቃቄ ሠራሁ። ቢያንስ በዚያን ጊዜ እንዲያ ነበር የመሰለኝ።

በአራተኛው እርግጫ ተነሣች። ያን ድምፅ ለሰማ ሰው ብዙ መናገር አያስፈልግም። የሰፈሩ ልጆች ከየቤቱ ሮጠው ወጡ። ቀድሞ የነዳት ሰው የዘይት ፖምፓዋን አውልቆት ስለነበር ዘይቱን የምደባልቀው በእጄ ነው። እንዳትነክስብኝ ሠጋሁ። መስፈሪያዬ የቡና ሲኒ ነበር፤ ለአንድ ሊትር ቤንዚን ከአንድ ሲኒ በላይ አደረግኩላት። ዘይት ከበዛ ይሻላል ብዬ።

ሁለት ቀን ነዳኋት። ሚኒሞዋ፣ ጋዝ ሳይሰጣት የምትዞርበት፣ አንዳንዴ በራሱ ይጮኽና ጋዙን ስለቅም ቶሎ አይወርድም። አዲስ ስለሆነች ነው አልኩ። በሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል፣ ወደ አምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው መንገድ ላይ ለቀቅሁላት። እንዴት ነው የሄደችው! በሕይወቷ እንዲህ የሮጠች አልመሰለኝም። ከዚያ ድምጿ ቀጠነ። ልጁ የነገረኝ ነገር ብልጭ አለብኝና ፍሪሲዮኑን ጨበጥኩ። ጎማው ተንከባለለ፤ ሞተሩ ግን ቆሟል። ነክሷል። የሁለት ወር ሥራ በሦስት ቀን ውስጥ።

ገፍቼ ተመለስኩ። ፀሐዩ ወጥቷል። በራችን ላይ አንድ አረጋዊ በሸራ አልጋ ተቀምጠው ነበር። ድሬዳዋ ተወልደው፣ በምድር ባቡር የድሬዳዋ ጋራዥ ዕድሜያቸውን ፈጅተው፣ ጡረታ ሲወጡ ቡላኦስ ልጃቸው ዘንድ የመጡ ሰው ናቸው። ድሬዎች ባቡሩን ዛሬም «ሸመንደፈር» ይሉታል። ሥራው የተጀመረው በ1897 ከዚሁ ከጅቡቲ ነበር፤ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1917 አዲስ አበባ፤ እነዚህን ዓመታት የምቆጥረው በፈረንጆቹ ነው። ድሬዳዋን ድሬዳዋ ያደረጋት ያ ባቡርና ያ ጋራዥ ነው፤ እዚያ የሠራ ሰው ብረት በጆሮው ያውቃል። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ።

«ነከሰች?» አሉኝ።

«ነከሰች፣ ጋሼ።»

«ትናንት ሌሊት ውጭ አንጥፌ ተኝቼ ሳለሁ ሰማኋት። ጋዙን ስትለቅላት አትወርድም ነበር። ይህች ሞተር ትንፋሽ ሾልኮባታል ብያለሁ በልቤ። ቡዢውን አምጣ።»

ቡዢ ያሉት ካንዴላውን ነው። ይህም ቢሆን ደስ የሚል ነገር አለው። እኛ የጋራዥ ቃላችንን የወሰድነው ከጣልያን ነው፤ እሳቸው ከፈረንሳይ። እኔ ፍሪሲዮን ስል እሳቸው ኦምብሬያዥ፣ እኔ ጓርኒሲዮን ስል እሳቸው ዡዋን ይላሉ። ካንዴላ በጣልያንኛ ሻማ ነው፤ ቡዢም በፈረንሳይኛ ሻማ ነው። ማርሚታ ደግሞ በጣልያንኛ ድስት ነው፤ ፈረንሳዩም የጭስ ማውጫውን «ድስት» ነው የሚለው። በሁለት ቋንቋ እየተጠራራን የምናወራው ስለ አንድ ዕቃ ነበር።

ካንዴላውን ፈትቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ጫፉ ላይ ያለው ሸክላ ነጭ ነው፤ አጥንት የመሰለ ነጭ። በላዩ ላይ ደግሞ ከጤፍ የሚያንሱ የሚያብረቀርቁ ነጠብጣቦች አሉ።

«ይህን አየኸው? ይህ የፒስተንህ ሥጋ ነው። ቀልጦ ተረጭቷል። ጤነኛ ቡዢ የተቆላ ቡና ይመስላል። ለመሆኑ ይህች ሞተር ከየት ነው የመጣችው?»

«ከደብረ ብርሃን።»

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ታዲያ ዢክለሯን ቀይረሃል?»

ዢክለር ማለት በካርቡራቶሩ ሆድ ውስጥ የምትቀመጥ የነሐስ ቁራጭ ናት። ከሽንብራ ብዙ አትበልጥም፤ መሐሏ ላይ ጠባብ ቀዳዳ አላት። ቤንዚን በዚያች ቀዳዳ ነው የሚመዘነው። ጎኗ ላይ ቁጥር ተጽፏል፤ ቁጥሩ ሲያድግ ቤንዚኑ ይበዛል። እኔ አጥቤ፣ በአየር ነፍቼ መልሼ አስገብቻት ነበር። አሁን ሄጄ አወጣኋትና ፀሐይ ላይ ያዝኳት። 105 ይላል።

ጋሼ ያስረዱኝ በዚህ ቃል ነበር፤ «ልጄ፣ አየሩ እንጀራ ነው፣ ቤንዚኑ ወጥ ነው። ደጋ ላይ እንጀራው ስስ ነው፤ ስለዚህ ወጡን ቀነስ ያደርጉለታል። አንተ ወደ ባሕሩ ወረድክ። እንጀራው ወፈረ፤ ወጡ ግን የደጋው ነው። ሞተሩ ደረቁን እየበላ ነው ያለው።»

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይኸው ነው፤ ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ነው ያለችው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ሩብ ያህል ይሳሳል። የቡላኦስ ሙቀት አየሩን መልሶ ያሳሳዋል፤ ግን ያን ሁሉ ልዩነት አይሞላም። ሞተሯ ጅቡቲ ስትገባ በርትታ የሮጠችው አየር ስላገኘች ነው፤ የነከሰችውም በዚያው ምክንያት ነው። ቤንዚን ደግሞ መቃጠል ብቻ አይደለም ሥራው፤ ሲገባ ፒስተኑን ያቀዘቅዘዋል። ሲያንስ እሳቱ ይከራል፣ ፒስተኑ ያብጣል፣ ግድግዳውን ይይዛል።

«ዘይትስ ስንት አደረግክ?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«አቦ! ባሰባት እኮ! በዚያች ቀዳዳ የሚያልፈው እኮ አንድ ልክ ነው። ዘይቱን ስታበዛ የቤንዚኑን ቦታ ወሰድክበት።»

ይህን ስሰማ ዝም አልኩ። እጠብቃታለሁ ብዬ ያደረግኩት ነገር ነበር። ዘይት በዛ ማለት ቤንዚን አነሰ ማለት መሆኑን ስንቱ ባለ ሞተር ያውቃል? ዛሬም የምታሰጋው ሁሉ አንድ ሲኒ ይጨምራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምለካው በሲሪንጅ ነው፤ ለአንድ ሊትር 40 ሚሊ ሊትር።

እኔ ወዲያው ዢክለር ፍለጋ ልሮጥ ነበር። ጋሼ ከለከሉኝ። «መጀመሪያ ትንፋሿን እንይ። ሾልኮባት ከሆነ ዢክለር ብታሳድግ ትኩሳት ያለበትን ሰው በቀዝቃዛ ጨርቅ መሸፈን ነው።» ብዙ መካኒክ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ተሳስቼ ነበር። ላይ ላዩን ሠርቼ የክራንክ ቤቱን ጎኖች አላየሁም። ቅድም «ሳንባ» ያልኳችሁ እሱን ነው። ሳንባው በግራም በቀኝም ክራንክ ሻፍቱ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች አሉት፤ ቀዳዳዎቹን የሚዘጉት ፓራኦሊዮ የምንላቸው የጎማ ቀለበቶች ናቸው። የቀኙ ሲያልቅ የማርሹን ዘይት ይስባል፤ ሞተሯ ነጭ ጭስ ታጨሳለች፣ ሰው ቶሎ ያውቀዋል። የግራው ሲያልቅ ግን አየር ይስባል። አየር አይታይም፣ አይሸትም።

እንዴት ይለካል? መሣሪያ አለው፤ እኛ ግን አልነበረንም። የነበረችን ጎረቤታችን ሲስተር ናት፤ በአንድ የግል ክሊኒክ የምትሠራ። ጋሼ ላኩኝና የደም ግፊት መለኪያ ተዋስኩ። አዎ፣ ክንድ ላይ የሚታሰረውን። መታሰሪያውን አውልቀን፣ የሚጨመቀውን ኳስና ሰዓቱን ብቻ ወሰድን። የማርሚታውን አፍ በከመነዳሪ ቁራጭና በላሜራ ደፈንን። የካርቡራቶሩን አፍ ደግሞ ቱቦ በተበሳበት ጎማ ዘጋን። ከዚያ ጋሼ ኳሱን እየጨመቁ ሰዓቱን እስከ 300 አደረሱት።

«ጤነኛ ከሆነች ስድስት ደቂቃ ትይዘዋለች» አሉ።

መርፌው ወዲያው መውረድ ጀመረ። 280። 240። 200። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ከ120 በታች ሆነ። ሲስተርም አብራን ቁጭ ብላ ታያለች፤ «ይህቺማ በሽተኛ ናት» አለች። ማግኔቱን በመንቀያ አወጣሁትና በግራ በኩል የሳሙና ውኃ በብሩሽ ቀባሁ። ደግመው ነፉ። ከፓራኦሊዮው ዙሪያ አረፋ ብቅ አለ፤ መጀመሪያ አንዲት፣ ከዚያ ተከታትለው፣ ወተት ሲገነፍል እንደሚያደርገው። ሁላችንም ዝም ብለን ነበር የምናየው። የማይታየውን ነገር በዓይናችን አየነው።

ፓራኦሊዮውን ስነቅለው ከንፈሩ እንደ ደረቅ ቆዳ ተሰንጥቋል። በዕድሜ ብዛት ጎማነቱን ትቶ ድንጋይ ሆኗል። የሁለቱንም ወገን ቀየርን። መርፌው ስድስት ደቂቃ ሙሉ 300 ላይ ቆመ። ጋሼ በእጅ ሰዓታቸው ነበር የቆጠሩት።

ሲሊንደሩ አልሞተም። ፍሪሲዮኑን ቶሎ ስለጨበጥኩ የቀለጠው አሉሚኒየም ለጠፍ ብሎ ቀረ እንጂ ብረቱን አልቆረጠውም። የእሷ ሲሊንደር ውስጡ ብረት ነው፤ አሲድ ደግሞ አሉሚኒየምን ይበላል፣ ብረቱን ግን በአንድ አፍታ አይጎዳውም። ጓንት አጥልቄ፣ አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ ውጭ ነፋስ ባለበት፣ ለወለል ማጽጃ የሚሸጠውን አሲድ በጨርቅ ጫፍ ቦታ ቦታውን ነካሁት። ይንቸሰቸሳል። መንቸስቸሱ ሲቆም አሉሚኒየሙ አለቀ ማለት ነው። ወዲያው በብዙ ውኃ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ዘይት ቀባሁት። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት፣ ሽቅብ ቁልቁል ሳይሆን እያጋደልኩ፣ መስቀል መስቀል እየሠራሁ አሸሁት፤ ዘይት የሚይዘው በእነዚያ ጭረቶች ነው።

ማርሚታው የእኔ ድርሻ ነበር፤ ብየዳ ነዋ። ስንት ዓመት የተጠራቀመ ጥላሸት አንጀቱን አጥብቦታል። ቁመቱን ተከትዬ ቀደድኩት፣ ውስጡን በእሳት አግዬ ጠረግሁት፣ መልሼ በየድኩት። የሰፈሩ ጎረምሶች «ጫፉን ቁረጠው፣ ይጩኽ» ይሉኛል። ለእነሱ የነገርኳቸውን ለእናንተም ልንገር፤ የባለ ሁለት ምት ማርሚታ የጭስ መውጫ ብቻ አይደለም።

ይህን ከማንም በላይ ያወቀው ዋልተር ካደን የሚባል ጀርመናዊ ነው። ምሥራቅ ጀርመን ውስጥ ሾፓው በምትባል ከተማ ኤምዜድ የተባለ ፋብሪካ ነበር፤ ካደን የውድድር ሞተሮቹ መሐንዲስ ነበር። ከሲሊንደሩ የሚወጣው ጭስ በማርሚታው ውስጥ እንደ ማዕበል እንደሚሄድ አጠና። ማርሚታው እየሰፋ ሲሄድ ማዕበሉ ወደ ኋላ ይስባል፤ የተቃጠለውን ጠርጎ ያወጣል። መጨረሻው ላይ ሲጠብ ደግሞ ማዕበሉ ተጋጭቶ ይመለሳል፤ አምልጦ ሊወጣ የነበረውን አዲስ ቤንዚንና አየር ገፍቶ ወደ ሲሊንደሩ ያስገባዋል። በዚህ ዘዴ በፈረንጆቹ 1961 ከ125 ሲሲ ሞተር 25 የፈረስ ጉልበት አወጣ። በዚያው ዓመት መስከረም፣ የበርሊን ግንብ በተሠራ በወሩ፣ የፋብሪካው ተወዳዳሪ ኤርንስት ዴግነር ስዊድን ላይ ከውድድሩ ወጥቶ ከዳ፤ ቤተሰቡም ተደብቀው ወደ ምዕራብ ወጡ። እሱም ዕውቀቱን ይዞ ወደ ሱዙኪ ሄደ፤ በ1962 በ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። የእኔ ያማሃም ከዚያች ከተማ ጋር ዝምድና አላት። ያማሃ በ1955 የሠራት የመጀመሪያዋ ሞተር ዋይኤ 1፣ እዚያው ሾፓው በዲኬደብሊው ፋብሪካ በተሠራችው አርቲ 125 አምሳል የተቀረጸች ናት። ዲቲዎቹ የጀመሩት ደግሞ በ1968 ነው። ይህን ሁሉ አስቡና ማርሚታ ቁረጥ የሚል ሰው ሲመጣ እምቢ በሉ። የሚቆረጠው ድምፅ ሳይሆን ጉልበት ነው።

ዢክለሮቹ ከሶማሌ ተራ በሌላ ሹፌር መጡ፤ 115፣ 120፣ 125፣ 130። ጋሼ ከትልቁ ጀምር አሉኝ። ከትልቁ ሲጀመር ሞተሩ ይንተባተባል እንጂ አይነክስም፤ ከትንሹ የጀመረ ሰው ግን ስሕተቱን የሚያውቀው ፒስተኑ ካለቀ በኋላ ነው። ሰዓቱንም የመረጡት እሳቸው ናቸው፤ ጥር ወር፣ ከንጋቱ በፊት። የቡላኦስ አየር ቀዝቀዝ ብሎ የሚወፍረው ያኔ ነው። ለቀትር የተስተካከለች ሞተር ንጋት ላይ ልትነክስ ትችላለች፤ ለንጋት የተስተካከለች ግን ቀትር ላይ ትንሽ ትሰንፋለች እንጂ ምንም አትሆንም።

ወደ ናጋድ፣ አዲሱ የባቡር ጣቢያ ወዳለበት፣ ጭር ወዳለው ሜዳ ሄድን። ጋሼን ከኋላ አፈናጥጬ ነበር። 130ን አስገባሁ፤ በሙሉ ጋዝ ስትሄድ አንዴ እየተኮሰች አንዴ እየዘለለች፣ «ድም ድም ድም» አለች። ጋሼ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በጆሯቸው ይከተሉኛል፤ እጃቸውን አወናጨፉ፣ አይሆንም። 125 ተሻለች፣ ግን ከላይ አሁንም ትንተባተባለች። 120ን አስገባሁ። አሁን ድምጿ ጥርት ብሎ እየወጣ ሄደ፤ እንደ ጨርቅ ቀደዳ፣ ሳይቆራረጥ። ቀዝቃዛውን ኤንጂኬ ካንዴላ ነበር ያሰርኩት፤ በኤንጂኬ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ይቀዘቅዛል፣ ለባሕር ዳርቻ ሙቀት እሱ ይሻላል። በሙሉ ጋዝ እንዳለሁ ሞተሩን አጠፋሁ፣ ፍሪሲዮኑን ጨበጥኩ፣ በራሷ ተንከባልላ ጋሼ ፊት ቆመች።

ካንዴላውን በጨርቅ ይዤ ፈታሁት፤ ይፋጃል። ጎሕ ቀዶ ነበር፤ ወደ ብርሃኑ አዞርነው። ሸክላው ቡና ነው። በደንብ የተቆላ፣ ያላረረ ቡና።

ጋሼ ምንም አላሉም። ካንዴላውን ተቀብለው ጥቂት ጊዜ በእጃቸው ያዙት፤ ከዚያ መለሱልኝና «115ን አትሞክር» አሉኝ።

አልሞከርኩም። ከዚያ ንጋት ወዲህ ሦስት ኸምሲን አልፎባታል። የአየር ማጣሪያ ስፖንጇን በየሳምንቱ በቤንዚን አጥቤ ዘይት እቀባለሁ፤ ያን አሸዋ የሚያቆመው እሱ ብቻ ነው። ካርቡራቶሯ ውስጥ አሁንም ያለችው 120 ናት። የደብረ ብርሃኗን 105 አልጣልኳትም፤ በክብሪት ቀፎ ውስጥ ከወንበሯ ሥር አስሬያታለሁ፤ አንድ ቀን ደጋ ከወጣሁ እመልሳታለሁ።

እናንተም ከደጋ ባለ ሁለት ምት ሞተር እየነዳችሁ የምትወርዱ ሁሉ፣ ደወሌ ስትደርሱ ቁሙ። ካንዴላውን ፍቱና ብርሃን ላይ እዩት። ነጭ ከሆነ አትቀጥሉ።